ንስሐ የገባው የይለፍ ቃል

ታላላቅ ሥራዎች ሁሉ በእቅድ ይጀመራሉ፤ እጅግ ታላላቆቹ ደግሞ እቅድ ላይ ይቀራሉ። ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ፣ ነፋስ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮውን በሚያስጨበጭብበት ጉብታ ላይ የቆመው ጤና ጣቢያ ከእነዚህ እጅግ ታላላቆቹ ወገን ነው። የሕመምተኛው ካርድ ከመሳቢያ ወጥቶ ኮምፒውተር ውስጥ ይግባ የሚል መመሪያ ከላይ በወረደ ጊዜ፣ ሌሎች ጤና ጣቢያዎች ያለ ምንም ኀፍረት ሥራ ጀመሩ። ይህኛው ግን እንዲህ ያለው ጥድፊያ ከክብሩ በታች መሆኑን ስለተረዳ ኮሚቴ አቋቋመ።

የኮሚቴው ሙሉ ስም «የኤሌክትሮኒክ የጤና መረጃ ሥርዓት ትግበራ ቅድመ ዝግጅት እቅድ አዘጋጅ ኮሚቴ» ነው። ስሙ ሲነበብ ሻይ ስለሚቀዘቅዝ በአጭሩ «ኮሚቴው» እንዲባል ተወሰነ። ይህን ለመወሰን የቀዘቀዘውን ሻይ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው።

ሰብሳቢው ይሄነው የሚባል የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነበር። ይሄነው ጾሙን የማያጎድል፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ሰው ያዘዘውን ሁሉ «እሺ» ብሎ የሚቀበል ደግ ሰው ነው። በዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዝውውር። በዛች የምትባለው ሚስቱ ደሴ ታስተምራለች፤ ትንሿ ልጃቸውም እናቷ ዘንድ ናት። እሱ ማመልከቻ ያስገባል፤ ማመልከቻው መልስ ሳያገኝ ያረጃል፤ ሌላ ያስገባል። ባለፈው መስቀል ደሴ በሄደ ጊዜ ልጅቱ በሩን ከፍታ ፊቱን ትክ ብላ አየችና፣ ሮጣ የእናቷን ስልክ አንስታ ደወለች። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። አነሳው።

«አባዬ፣» አለችው በስልኩ፣ «አንድ ሰውዬ በር ላይ ቆሟል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ይሄነው እንቅልፍ በወጉ ተኝቶ አያውቅም።

እንግዲህ የዞኑ ቡድን መሪ አቶ በእውቀቱ በስልክ የተናገሩት ቃል ምን ያህል እንደከበደው መገመት አያዳግትም። «ስማኝ ይሄነው፣» አሉት፤ «በዐቢይ ጾም አጋማሽ ለጉብኝት እመጣለሁ። ሥርዓቱ ተከፍቶ በዓይኔ ካየሁት ዝውውርህን እዚያው ቆሜ እፈርማለሁ። ፋሲካን ደሴ ትፈስካለህ። ካልተከፈተ ግን…»

«ካልተከፈተስ ጌታዬ?»

«ካልተከፈተማ ማን ይከፍተዋል? እስኪከፈት እዚያው ነህ።»

ስለዚህ ኮሚቴው ሥራውን በታላቅ ወኔ ጀመረ። የመጀመሪያው ተግባር የእቅዱን እቅድ ማውጣት ሆነ። ራእይ ተቀረጸ፤ ተልእኮ ተቀረጸ፤ ተልእኮው ራእዩን ይመስላል ተብሎ ተቀደደና እንደገና ራእዩን እንዲመስል ሆኖ ተቀረጸ። የመብራቱ ጉዳይ ሲነሳ፣ በዚያ ጉብታ ላይ መብራት እንደ እንግዳ መጥቶ እንደ እንግዳ የሚሄድ ስለሆነ ሁሉም ቀና ብለው አምፖሉን አዩ። በኋላ ግን የፋርማሲው ኃላፊ አሕመድኑር መፍትሔ አገኘ። «መብራት በማይኖርበት ጊዜ መብራት እንዳለ ታሳቢ ይደረግ» አለ። ታሳቢ ተደረገ። ጸሐፊዋ፣ አዋላጇ ሲስተር ሰርካለም፣ ቃሉን ስትጽፍ መብራት ስለጠፋ በባትሪ ጨረሰችው።

ኮምፒውተሩ ከደሴ በጭነት መኪና፣ በስሚንቶ ከረጢቶች መሐል ተቀምጦ መጣ። ከመምጣቱ በፊት ክፍል ተለቀቀለት። ክፍሉ የእርጉዞች ማቆያ ነበር፤ እርጉዞቹ ግን በረንዳው ነፋሻማ ስለሆነ ለጤናቸው እንደሚሻል በአክብሮት ተገለጸላቸው። ኮምፒውተሩ አቧራ እንዳይነካው ብርድ ልብስ ለበሰ። ብርድ ልብሱ የተገኘው ከሕመምተኛ አልጋ ነው፤ በአልጋው ላይ ከተኛው ሰው ይልቅ ኮምፒውተሩ ተላላፊ በሽታ የመቋቋም አቅሙ ዝቅተኛ መሆኑ በጥልቀት ታይቶ ነው። ሽቦውን አይጥ እንዳይበላው ድመት ተመደበች። ዘበኛው አያ አራጋውም ክፍሉን ሲጠርጉ ትንፋሻቸውን እንዲይዙ ታዘዙ።

«እስከ ስንት ልያዝ ልጄ?» አሉ አያ አራጋው።

«ጠርገው እስኪጨርሱ ነዋ» አለ ይሄነው።

«እንግዲያስ ሰፈር ውስጥ ቀባሪ ይዘጋጅ» ብለው መጥረጊያቸውን አነሱ።

በዚህ ሁኔታ እቅዱ ወደ ምዕራፍ ሁለት እየተንፏቀቀ ሳለ፣ ያልታሰበ አደጋ ደረሰ፤ ባለሙያ መጣ። ታደለ የሚባል ከደሴ የተላከ ወጣት ነው። ብርድ ልብሱን ገፎ፣ ድመቷን ከወንበሩ አንስቶ ተቀመጠና፣ የታዘዘለት ሻይ ሳይፈላ ሶፍትዌሩን ጭኖ ጨረሰ።

ኮሚቴው በድንጋጤ ተያየ።

«እኛ እኮ ገና ምዕራፍ ሁለት ላይ ነን!» አለ ይሄነው።

«ታዲያ ላጥፋው?» አለ ታደለ።

ነገሩ በሽምግልና ተያዘና ሶፍትዌሩ እንዳለ እንዲቆይ፣ እቅዱ ግን እንዳልተጫነ ቆጥሮ እንዲቀጥል ስምምነት ተደረሰ። ታደለ ቦርሳውን እያነገተ የመጨረሻ ማሳሰቢያውን ሰጠ። «አሁን የይለፍ ቃል ታወጡለታላችሁ። ማንም የማይገምተው ይሁን፤ ትልቅ ፊደል፣ ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ይኑረው። አይጻፍም። ለማንም አይነገርም። ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ይቆለፋል፤ ያን ጊዜ እኔም ብመጣ አልከፍተውም።»

«ማን ይከፍተዋል ታዲያ?» አለች ሰርካለም።

ታደለ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። አዲስ አበባን ለማለት ይሁን ፈጣሪን ሳያብራራ፣ ሚኒባሱ ጥሩምባ ነፋበትና ሮጠ።

እነሆ የጤና ጣቢያውን ስም ያስጠራው ስብሰባ የዚያኑ ዕለት ተጠራ።

«ይሄነው ብቻውን ይያዘው፣» አለች ሰርካለም። «ኃላፊ ነው።»

«ሞት አለ፣ ሕይወት አለ፣» አለ አሕመድኑር። «አላህ ያርቀውና እሱ አንድ ነገር ቢሆንስ?»

«ምን ልሆን?» አለ ይሄነው።

«አላህ ያርቀው ብያለሁ እኮ!»

«ካራቀውማ ለምን ታቀርበዋለህ?»

«አብሽር ወንድሜ፣ ለእቅድ ነው። ስጋት ለይቶ ማስቀመጥ ግዴታ ነው ተብሏል፤ አንተን ለይተን አስቀመጥን፣ በቃ።»

«ይጻፍና ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበት፣» አለች ሰርካለም።

«አይጻፍም ተብሏል።»

«ለሌላ ሰው ይነገርና እሱ ይያዘው።»

«አይነገርም ተብሏል።»

«እንግዲያስ ኮምፒውተሩን ወደ መጣበት መልሱትና እርጉዞቼን መልሱልኝ፤ በረንዳ ላይ ማዋለድ ሰልችቶኛል።»

ይህ ከአጀንዳ ውጭ ስለሆነ ታለፈ። ይሄነው ግን ራሱን በመዳፉ ይዞ ሲያስብ ቆይቶ፣ ፊቱ ቀስ ብሎ በራ። ሲነገረው የማይናገር አንድ ሰው ያውቃል። የንስሐ አባቱ መምሬ አለኸኝ ናቸው። የአገሩን ጉድ ሁሉ ሲሰሙ ኖረው፣ ከአፋቸው አንዲት ቃል ወጥታ አታውቅም። በንስሐ የተነገረ ደግሞ እንደ ተነገረ አይቆጠርም፤ መመሪያው አይጣስም፤ ቃሉም አይጠፋም።

«ድንቅ ነው!» አለች ሰርካለም፤ እየቀለደች እንደሆነ ማንም አልጠረጠረም።

አሕመድኑር ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ አልተቃወምኩም። መምሬን እወዳቸዋለሁ፤ ጎረቤቴም ናቸው። ብቻ የሙስሊሙ የደም ግፊት ሁሉ በአንድ ቄስ እጅ ሲገባ ሕዝቡ ምን ይላል? እንዲያው ለእኩልነቱ ነው።»

በዚያ አገር ስለ እኩልነት የተነሳ ነገር ተቀምጦ አያድርም። የይለፍ ቃሉ ከመሐል ተቆረጠ። ውሳኔውም እንዲህ ተብሎ ተመዘገበ፦ «የይለፍ ቃሉ በፍትሐዊነት ለሁለት ተከፍሎ፣ የፊተኛው እኩሌታ በይሄነው አማካይነት በመምሬ አለኸኝ ዘንድ በንስሐ፣ የኋለኛው እኩሌታ በአሕመድኑር አማካይነት በሼህ ይማም ዘንድ በአማና እንዲቀመጥ፤ በዚህም የሃይማኖት አባቶች ለዲጂታል ሽግግሩ ያላቸው ሚና እንዲጠናከር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

ወዲያው ይሄነው የራሱን እኩሌታ ኮምፒውተሩ ላይ ሲጽፍ አሕመድኑር ወደ ግድግዳው ዞረ፤ አሕመድኑር ሲጽፍ ይሄነው ዞረ። ድመቷ ለጥንቃቄ ከክፍሉ ወጣች።

በማግስቱ ይሄነው መምሬ አለኸኝን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥድ ሥር አገኛቸው። መስቀል ተሳለመ፤ ተንበረከከ።

«አባቴ፣ አንድ ከባድ ነገር ይዣለሁ።»

«ተናገር ልጄ። እግዚአብሔር መሐሪ ነው።»

ይሄነው ዙሪያውን ቃኘና በጆሯቸው እኩሌታውን ተናገረ። ቃሉን እዚህ መጻፍ መመሪያ መጣስ ስለሚሆን ታልፏል። ፊደልና ቁጥር ያለበት፣ ትልቁና ትንሹ የተዘበራረቀ፣ በመጨረሻው ላይ ቃለ አጋኖ የተተከለበት ነገር መሆኑን ብቻ መግለጽ ይበቃል።

መምሬ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ብዙ ሰምተዋል፤ እንዲህ ያለ ግን ሰምተው አያውቁም።

«ይህ ምን ዓይነት ኃጢአት ነው ልጄ?»

«የመሥሪያ ቤት ነው አባቴ።»

«ብቻህን ነው የሠራኸው?»

«በኮሚቴ ነው።»

«እግዚኦ! ስንት ሆናችሁ?» ካሉ በኋላ፣ «ተወው፣ የሌላውን ሰው አትንገረኝ። ግማሽ ግማሽ ይመስላል፤ ሙሉውን ነው የነገርከኝ?»

«ግማሹ ሼህ ይማም ዘንድ ነው።»

መምሬ አለኸኝ በረጅሙ ተነፈሱ። ኃጢአቱ ሁለቱንም ሃይማኖት ማዳረሱ እጅግ እንዳሳዘናቸው ከፊታቸው ይነበብ ነበር። «ሁለተኛ እንዳትደግመው፣» አሉ፤ «አርባ ስግደት ስገድበት፤ ከኮሚቴም ራቅ። እግዚአብሔር ይፍታህ።»

ይሄነው የኮሚቴ ሰብሳቢ ስለሆነ የመጨረሻውን መፈጸም አልቻለም፤ አርባውን ግን አንድም ሳያጎድል ሰገደ። ስግደቱን ሲጨርስ ውስጡ ቅልል አለው። እውነተኛ ንስሐ የገባ ሰው በደሉን ከልቡ አውጥቶ እንደሚጥል ሁሉ፣ ይሄነውም የይለፍ ቃሉን ከልቡ አውጥቶ ጣለው። መጣሉን ግን አላወቀም፤ ብርድ ልብስ የለበሰ ኮምፒውተር ቃል አይጠይቅም። ጾሙ ገባ፤ እቅዱ ወደ ምዕራፍ ሦስት ተሸጋገረ።

የጉብኝቱ ቀን ደረሰ። አቶ በእውቀቱ በአቧራ ተለውሰው፣ ከኋላቸው ካሜራ ያነገተ ሰው አስከትለው ከመኪና ወረዱ። ግቢው ተጠርጓል፤ ድንጋዩ ኖራ ተቀብቷል፤ እርጉዞቹ ከበረንዳው ወደ ጓሮ ተዛውረዋል። በኮምፒውተር የሚመዘገቡ የመጀመሪያዋ ታካሚ እንዲሆኑ እማማ እናኑ ተመርጠው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ከሚያማቸው ሰንብቷል።

«ልጄ፣ ካርዴን አውጡልኝና ልታይ» ባሉ ቁጥር፣

«እማማ፣ ዛሬ ታሪክ ነው የሚሠራው፣ ትንሽ ይታገሡ» ይባላሉ።

አቶ በእውቀቱ ንግግር አደረጉ። ወረቀት ከዓለም ላይ የሚጠፋበት ቀን መቃረቡን ከወረቀት ላይ አነበቡ። ከዚያ ብርድ ልብሱ በጭብጨባ ተገፈፈ። መብራትም ታሳቢ መደረጉ ሳያንሰው በእውነት መጥቶ ነበር። ኮምፒውተሩ በራ። በመስኮቱ ላይ አንዲት ነጭ ሣጥን ብቅ ብላ የይለፍ ቃል ጠየቀች።

ይሄነው ተቀመጠ። ጣቶቹን ዘረጋ። ጣቶቹ እንደተዘረጉ ቀሩ።

«በል እንጂ፣» አሉ አቶ በእውቀቱ፤ እስክሪብቷቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተዋል። የዝውውሩ ወረቀት ብብታቸው ሥር ነው፤ ይሄነው ጫፉን አይቶታል።

አሰበ። ትዝ ያለው ጥዱና ስግደቱ ብቻ ነው። አንድ ነገር ሞከረ፤ ቀይ ጽሑፍ ብልጭ አለ። ላቡን ጠረገ። ሌላ ሞከረ፤ ቀዩ ጽሑፍ ዳግመኛ ብልጭ አለ።

«ተው! አንድ ነው የቀረን!» ብሎ አሕመድኑር እጁን ያዘው።

«አንተስ የራስህ ትዝ ይልሃል?»

አሕመድኑር ከንፈሩን ነከሰ። «ወላሂ ቁጥር እንደነበረበት አውቃለሁ።»

አያ አራጋው በሩጫ ተላኩ። መጀመሪያ ሼህ ይማም መጡ፤ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ በፈገግታ። የተፈለጉበትን ሲሰሙ ሳቁ። «አማና ማለት ባለቤቱ በጠየቀ ጊዜ የሚመለስ ነው፤ ና ጆሮህን» አሉና ለአሕመድኑር እኩሌታውን ሳያዛንፉ መለሱለት፤ መርቀውም ሄዱ። ኮሚቴው እፎይ አለ። ካሜራው ተነሳ።

ቀጥሎ መምሬ አለኸኝ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ደረሱ። ሁሉም ተነሥተው መስቀል ተሳለሙ፤ አቶ በእውቀቱም ጭምር።

«አባቴ፣» አለ ይሄነው፤ «በቀደም ጥዱ ሥር የነገርኩዎትን ነገር ፈልጌው ነበር።»

«ምን ነገርከኝ?» አሉ መምሬ።

«ያን… ያን የመሥሪያ ቤቱን።»

«አላውቅም። ምንም አልሰማሁም።»

«አባቴ እኔው ነኝ እኮ! የነገርኩዎት እኔ፣ የምጠይቅዎትም እኔ!»

መምሬ አለኸኝ በሐዘን አዩት። «ልጄ፣ ያ ነገር እኮ ተፈትቷል። ሰግደህበታል። አሁን ምን ልታደርገው ነው የምትፈልገው?» ካሉ በኋላ ወደ ኮምፒውተሩ፣ ወደ ካሜራው፣ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረው ተመለከቱ። «በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ደግመህ ልትሠራው?»

ጓሮ ያሉት እርጉዞች ሳይቀሩ «እግዚኦ!» አሉ።

አቶ በእውቀቱ ጣልቃ ገቡ። «አባታችን፣ ይህ የመንግሥት ጉዳይ ነው።»

«የመንግሥት መሆኑን አልሸሸገኝም» አሉ መምሬ በገርነት፤ «ከተፈታ ግን ተፈታ። እናንተም ብትተዉት ይሻላችኋል። ጾም ነው።» ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ።

ይሄነው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ልጁ በር ላይ የቆመውን ሰውዬ ስታመለክት ታየችው። ፋሲካ ሄደች፤ ደሴ ሄደች። አቶ በእውቀቱም ብብታቸው ሥር ያለውን ወረቀት አጥብቀው እንደያዙ፣ እስክሪብቷቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

ይሁን እንጂ ታላቅ መሪ በጭንቅ ጊዜ ይታወቃል። አቶ በእውቀቱ ባዶ እጃቸውን ሄደው ለአለቆቻቸው ሊሉ የሚችሉትን አሰቡና፣ ካሜራውን በዓይናቸው ጠርተው ፊታቸውን አስተካከሉ።

«እንደምትመለከቱት፣» አሉ፤ «ከይለፍ ቃሉ ግማሹ በእጃችን ገብቷል። ይህም ሥርዓቱ ሃምሳ በመቶ መከፈቱን ያሳያል። ከሁሉ በላይ ግን፣ የሕመምተኛውን ምሥጢር በመጠበቅ ረገድ ይህ ጤና ጣቢያ የደረሰበት ደረጃ ወደር የለውም። ሌባ አይከፍተውም። ጠላት አይከፍተውም። ባለቤቱ ራሱ አይከፍተውም!»

ጭብጨባው ቆርቆሮውን አናወጠው።

«ልጄ፣» አሉ እማማ እናኑ ከአግዳሚው ላይ፣ «ሃምሳ በመቶ ማለት ግማሹን ጉልበቴን ታያላችሁ ማለት ነው?»

«ቀስ በቀስ ነው እማማ።»

«እንግዲያው ከቀኙ ጀምሩልኝ፤ እሱ ይብሳል።»

ሰርካለም እጃቸውን ይዛ ወሰደቻቸው። ካርዳቸውንም ከመሳቢያ አወጣች፤ ጉልበታቸውም ታየ፤ ሁለቱም። ይህ ግን ከእቅዱ ውጭ የተከናወነ በመሆኑ በሪፖርቱ አልተካተተም።

በሪፖርቱ የተካተተው ጤና ጣቢያው በመረጃ ደኅንነት ሞዴል መሆኑ ነው። የምስክር ወረቀት መጣ፤ በመስታወት ተደርጎ ከኮምፒውተሩ በላይ ተሰቀለ፤ ለእሱም ብርድ ልብስ ተፈለገለት። ከወግዲና ከደጎሎ ልምድ ለመቅሰም የተላኩ ኃላፊዎች ከጥዱ ሥር ተሰልፈው ታዩ። መምሬ አለኸኝ ደንግጠው፣ በአካባቢው ኮሚቴ የሚባል ክፉ በሽታ መግባቱን በስብከታቸው አነሱ፤ ስግደቱንም እጥፍ አደረጉት። ይሄነው ስለ ዝውውሩ ቢጠይቅ አቶ በእውቀቱ ሳቁበት። «ሞዴል እኮ ነህ! ሞዴል ከቦታው ይነሳል እንዴ?»

የስቅለት ዕለት ሆነ። ይሄነው ከሕዝቡ ጋር ከጠዋት ጀምሮ ሲሰግድ ዋለ። ቀኑ እየገፋ፣ ጉልበቱ እየዛለ፣ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ቀና ሲል፣ ከትልቅ ፊደል እስከ ቃለ አጋኖ ያለው እኩሌታ ሳይጠራ መጥቶ ፊቱ ድቅን አለ። «ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ» አለና ሊያባርረው ሞከረ። በተጎነበሰ ቁጥር እየጠራ መጣ። ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣ፣ አፉን እንኳ ሳያጥብ ደወለ።

«ጌታዬ! እንኳን አደረሰዎ! ቃሉ ትዝ አለኝ!»

በስልኩ ውስጥ በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ለማን ተናገርክ?» አሉ አቶ በእውቀቱ፤ ድምፃቸው ተለውጧል።

«ለማንም። ነገ ከፍተን—»

«እንዳትከፍት! ሰውዬ፣ አብደሃል? ማንም የማይከፍተው ብዬ ለበላይ አካል ሪፖርት አድርጌ! ሽልማት ተቀብዬበት! በአስቸኳይ እርሳው!»

«በምን ልርሳው ጌታዬ? እየሰገድኩ እኮ ነው ያስታወስኩት።»

«እንግዲያስ አንተ አሁን የደኅንነት ስጋት ነህ ማለት ነው» አሉ አቶ በእውቀቱ። «ከዚያ ኮምፒውተር አጠገብ መገኘት የለብህም። ዝውውርህን ዛሬውኑ ፈርሜ በቴሌግራም እልክልሃለሁ። ነገ በጠዋት መኪና ተሳፈር። ወደ ኋላህ እንዳትመለከት!»

እነሆ ለዓመታት በትጋቱ፣ በትሕትናውና በማመልከቻው ያላገኘውን፣ ይሄነው ለሥራው የሚያስፈልገውን ነገር በማወቁ አገኘው። ቅዳሜ ከሰዓት ደሴ ገባ። ልጁ በሩን ከፈተች፤ አየችው፤ ስልኩን ልታነሳ ስትል እጇን ያዘና «ሰውዬው ነኝ፤ መጥቻለሁ» አላት።

በፋሲካ ማግስት በዛች ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስተረከችው። እየሳቀች ሰማች፤ ሲጨርስ ግን ኮስተር አለች።

«ቃሉስ ምን ነበር?»

«እሱን እንኳ መመሪያው አይፈቅድም።»

«ለቄስ ነግረህ ለሚስትህ?»

ነገራት። እሷ ደግሞ ለማንም አልተናገረችም፤ ለሰርካለም ብቻ፣ ያውም በስልክ፣ ያውም «ለማንም እንዳትናገሪ» ብላ። ሰርካለም አሕመድኑርን ጠራች፤ ሁለቱን እኩሌታዎች አገጣጠሙ። ከኮሚቴውም ከእቅዱም ከራእዩም ውጭ፣ እርጉዞቹ በበሩ አንገታቸውን አስግገው እያዩ፣ ኮምፒውተሩ እሺ ብሎ ተከፈተ። እልልታው ሳያልቅ መስኮቱ ላይ አዲስ ጽሑፍ መጣ፦ «የይለፍ ቃልዎ ጊዜው አልፎበታል። እባክዎ አዲስ ያውጡ።»

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ይሄነው ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ዳቦ እያጎረሳት ሳለ ስልኩ ጮኸ። አቶ በእውቀቱ ናቸው። ልጅቱ ስልኩን ነጥቃ ለእናቷ ሰጠች።

«ይሄነውን አገናኙኝ!» አሉ። «አዲስ የይለፍ ቃል ማውጣት አስፈልጓል። አዲስ ኮሚቴ ተቋቁሟል። በመስኩ ልምድ ያለው ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ለጊዜው ብቻ ይመለስና—»

በዛች ባሏን አየችው፤ በጢሙ ላይ ያለውን የዳቦ ፍርፋሪ፣ አንገቱ ላይ የተጠመጠመችውን ልጅ አየች። ከዚያ እንደ መምሬ አለኸኝ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ፣

«ጌታዬ፣» አለች፤ «እሱ እኮ ንስሐ ገብቶበታል። ሰግዶበታል፤ ተፈትቷል። ሁለተኛ አይደግመውም።»

ዘጋችው።